ወንዶች የሚደብቁት ጭንቀት፦ ምልክቱ፣ ሕክምናውና የሚገኝበት ቦታ

ጭንቀት፣ የሥራ ዝለትና የኑሮ ለውጥ የሚያስከትለው የመንፈስ መረበሽ በባለሙያ እገዛ የሚቃለሉ ችግሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ወንዶች ወደ ባለሙያ የሚሄዱት ዘግይተው ነው፤ ጭራሽ የማይሄዱም አሉ። «ወንድ ልጅ ሆደ ሰፊ ነው» እየተባለ ያደገ ሰው ጭንቀቱን መናገርን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ብሂል የሚያውቅ አባወራ፣ የራሱ እንቅልፍ ማጣት ግን በሽታ መስሎ አይታየውም።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። የጭንቀት ሕመም ይበልጥ የሚታየው በሴቶች ላይ ነው። በየዓመቱ ራሳቸውን ከሚያጠፉት ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ግን የወንዶቹ ቁጥር የሴቶቹን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህ ልዩነት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ወንዶች እርዳታ ለመጠየቅ መዘግየታቸው ነው።

መሬቱ ከተማ ሲሆን

የኑሮ ለውጥ በሰው ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለመረዳት የአዲስ አበባን ምሥራቃዊ ክፍል መመልከት ይበቃል። ዛሬ ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ በሚባሉት ሠፈሮች ትናንት እህል ይታረስ፣ ከብት ይሰማራ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቦሌ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ የሪል ስቴት መንደሮችና ሰፋፊ መንገዶች ቀሪውን የእርሻ መሬት ያዙት። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም የተቋቋመውም የዚህ አካባቢ ነዋሪ በመብዛቱ ነው።

መሬቱ ለልማት የተወሰደበት አርሶ አደር በሕግ ካሳ ይከፈለዋል። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ካሳውን በአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ሲያሰላ፣ በ2011 ዓ.ም የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ ወደ 15 እጥፍ አሳድጎታል። ስሌቱ የሰብሉን ገቢ ይተካል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚሄድበትን ማሳ፣ ደቦውንና ወንፈሉን፣ ዝናቡን አይቶ «ዛሬ ይዘራል» ብሎ የመወሰን ሥልጣንን ግን የሚተካ ስሌት የለም። በሃምሳ ዓመቱ ከጥማድ በሬው ተለያይቶ በጥበቃ ወይም በቀን ሥራ የተቀጠረ ሰው የሚያጣው ገቢውን ብቻ አይደለም። በመንደሩ የሚታወቅበትን ማንነቱንም ጭምር ነው።

ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሸዋ ለሥራ ወደነዚህ ሠፈሮች የሚገቡ ወጣቶችም ሌላ ዓይነት ሸክም አለባቸው። በግንባታ፣ በጥበቃ፣ በሹፍርና እየሠሩ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ፤ አገር ቤት ላሉ ወላጆችም ይልካሉ። «ደህና ነኝ» ብሎ ስልክ መዝጋት ልማድ ይሆንና ደህና አለመሆናቸውን የሚነግሩት ሰው ያጣሉ።

ሦስቱ ችግሮች እንዴት ይለያሉ?

ጭንቀት በራሱ በሽታ አይደለም። ዝናብ ሲዘገይ ወይም የልጅ ፈተና ሲደርስ መጨነቅ ተፈጥሯዊ ነው። ሕመም የሚሆነው ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ሲቀጥል፣ ከነገሩ በላይ ሲገዝፍና እንቅልፍን፣ ሥራንና ቤተሰብን ሲያውክ ነው።

የሥራ ዝለት ከሥራ ጋር ብቻ የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ በሽታ አይመድበውም፤ መፍትሔ ሳያገኝ ከቆየ የሥራ ጫና የሚመነጭ ችግር መሆኑን ግን በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል። እነርሱም ኃይል ማጣት፣ ሥራውን መጥላትና የሠሩት ሁሉ ፋይዳ የለሽ መስሎ መታየት ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በአንጎል የደም ሥር ችግር የመያዝ ዕድላቸው 35 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ሌሊትና ቀን የሚነዳ ሹፌር፣ በሁለት ቦታ ተቀጥሮ የሚጠብቅ ዘበኛ ይህን ሊያውቀው ይገባል።

የኑሮ ሽግግር የሚያመጣው መረበሽ ከችግኝ ጋር ይመሳሰላል። ከመደብ ተነሥቶ በአዲስ ማሳ የተተከለ ችግኝ ለጥቂት ቀናት መጠውለጉ አይቀርም፤ ሥሩ ሲይዝ ያገግማል። ሰውም ከእርሻ ሲለይ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ትዳሩ ሲፈርስ፣ ወላጁ ሲሞት ወይም አገር ሲቀይር ይጠወልጋል። አብዛኛው በወራት ውስጥ ይለምዳል። ከ6 ወር በላይ ከዘለቀ ወይም ከመጀመሪያውም ሥራና ምግብ ካስተወ ግን መመርመር ያስፈልጋል።

በወንዶች ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ብዙ ወንዶች «ጨንቆኛል» አይሉም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት የጨጓራ ሕመም፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም ወይም የልብ ምት መፍጠን ብለው ነው። ቤተሰብ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦

• በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ከልጆችና ከባለቤት ጋር መጋጨት፤
• ከእድርና ከማኅበር መቅረት፣ ስልክ አለማንሳት፤
• ሌሊት ነቅቶ ማደር ወይም ከንጋት በፊት ነቅቶ ማሰብ፤
• መጠጥ፣ ጫት ወይም ሲጋራ መጨመር፤
• የካሳን ወይም የዓመት ገቢን ገንዘብ ያለ ወትሮው ማባከን፤
• «እኔ ባልኖር ይሻላል» የሚል ንግግር።

መጠጥ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሰጠ ቢመስልም እንቅልፉን ይቆራርጣል፤ በማግሥቱም ጭንቀቱን ይጨምራል። ጫት ደግሞ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ እንቅልፍንም ያርቃል።

ሐኪሙ መጀመሪያ የአካል በሽታ መኖሩን ያጣራል። ለምሳሌ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥና መረበሽ ያስከትላል። የደም ማነስም ድካም ያመጣል። ስለዚህ ምርመራውን መዝለል አይገባም።

የንግግር ሕክምና ምንድን ነው?

ስለ ንግግር ሕክምና ሲነገር «ወሬ ምን ያድናል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእኛ ባህል ሰው ችግሩን ለሽማግሌ፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለሃይማኖት መሪው ይናገራል። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይፈርዳል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን አይፈርድም፤ ጥፋተኛም አይፈልግም። ሥራው ታካሚው ሐሳቡን፣ ስሜቱንና ድርጊቱን ለይቶ እንዲያይና ሊለውጠው ከሚችለው እንዲጀምር መርዳት ነው። የተነገረውን ምሥጢር የመጠበቅ የሙያ ግዴታም አለበት፤ ምሥጢሩን የሚያወጣው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ሕግ ሲያስገድደው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ስለ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ፣ መጠጥና ቤተሰብ ይጠይቃል። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መለኪያ በአማርኛም ተዘጋጅቶ አገልግሎት ላይ ውሏል። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆኖ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ሕክምናው ተግባር አለው። ለአብነት መሬቱን ያጣ ሰው «ከእንግዲህ ዋጋ የለኝም» ብሎ ካመነ፣ ባለሙያው ሐሳቡን ከማስረጃ ጋር እንዲያመዛዝን ያግዘዋል። ለሳምንቱም የቤት ሥራ ይሰጠዋል፤ ይህም በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት መራመድ፣ የተወውን እድር መመለስ ወይም በግቢው ጎመን መትከል ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለችግር በተጋለጡ ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው አጭር ሕክምና በ5 ቀጠሮዎች የሚያልቅ ሲሆን፣ የመተንፈስ ልምምድን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ ወደ ሥራ መመለስንና የወዳጅ ድጋፍን ማጠናከርን ያስተምራል።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለ። በዚምባቡዌ ሕዝቡ «ብዙ ማሰብ» ብሎ የሚጠራውን ሕመም ለማከም የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የሠፈር አረጋውያት ሴቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ታካሚው በጤና ጣቢያው ግቢ በተቀመጠ የእንጨት አግዳሚ ላይ ከአንዲት አረጋዊት ጋር ይነጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አገልግሎቱን ያገኙት ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክታቸው ካላገኙት ይልቅ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። እኛም «ማሰብ አበዛ» የምንለው ሰው እንዲሁ ሊታከም ይችላል።

መድኃኒት ሲታዘዝ

ሕመሙ ሲበረታ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የድባቴና የጭንቀት መድኃኒቶች ውጤታቸው የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሳምንት ውስጥ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው፣ ወይም ሲሻል በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ደግሞ ሱስ ያስከትላል። ጸበል የሚጠመቅ ወይም ዱዓ የሚያስደርግ ሰው እምነቱን ሳይተው መድኃኒቱን መውሰድ ይችላል፤ ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የአገሪቱ ቀደምት የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል በ1930 ዓ.ም የተቋቋመ ሲሆን የሚገኘው በመርካቶ አካባቢ ነው። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ የግል የምክር አገልግሎት የሚሰጡ ማዕከላት ይገኛሉ፤ ክፍያቸው ከመንግሥት ተቋማት ከፍ ያለ በመሆኑ ዋጋውንና የባለሙያውን የሙያ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአማራ ክልል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና የደሴ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ለአርሶ አደሩ ግን መነሻው በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድ መንገላታትን ይቀንሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነም መታወቂያውን ይያዝ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የተጨነቀን ወንድ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!» ማለት አፉን ይዘጋዋል። «ሰሞኑን እንቅልፍ የለህም፤ ምን ሆንህ?» ብሎ ጠይቆ ዝም ብሎ መስማት ይሻላል። ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድም ትልቅ እገዛ ነው።

ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ሲኖር ንግግሩን እንደ ቀልድ መውሰድ አይገባም። ሐሳቡ እንዳለው በቀጥታ መጠየቅ አደጋውን አይጨምርም፤ እንዲያውም እንዲናገር ይረዳዋል። ብቻውን መተው አይገባም። ገመድ፣ የጦር መሣሪያና መድኃኒት ከአጠገቡ ይራቁ። በገጠር በተለይ የፀረ ተባይ ኬሚካል በቤት ውስጥ፣ በመኝታ አጠገብ መቀመጡ አደገኛ ነው፤ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ፣ ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ሰውየውንም በዚያው ዕለት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል።