የአገር ካርታ በማን እጅ?

በጥር 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በአምቦ፣ በባኮና በስሬ አድርጌ ጉቴ ስደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ነቀምት ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር የምትገኘውን ይህችን ከተማ የወለጋ መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል፤ አብዛኛው ግን ከመኪና ሳይወርድ ያልፋታል። እኔ የወረድኩት ከአስፋልቱ ገባ ባለ የገጠር ቀበሌ የምትኖር የታመመች አክስቴን ልጠይቅ ነው። ስልኬን አውጥቼ ካርታውን ብከፍት፣ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነጭ ባዶ ሜዳ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። መንገድ የለ፣ ወንዝ የለ፣ የከተማይቱ ስም እንኳ የለ።

ምክንያቱ ለማንም ስውር አልነበረም። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ስልክ እንደ ነቀምት ባሉ ትላልቅ ከተሞች ብቻ ተወስኖ ነበር። ሁኔታው ሦስት ወር ገደማ ቆየ።

ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መቸገሬን አይተው፣ “ልጄ፣ ያ የያዝከው ዕቃ አገራችንን አያውቃትም እንዴ?” አሉኝ። በትራቸውን ዘርግተው አቅጣጫውን አሳዩኝ፤ ደረስኩ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ለመሆኑ ይህን አገር በካርታ “ሲያውቀው” የኖረው ማን ነው?

ከቀደሙት አንዱ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ተሻግሮ በጉዱሩ በኩል እናርያ ወረደ፤ በማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ተራራን ከተራራ እያስተያየ ለካ። ልኬቱ የእርሱ ነው፤ የተራሮቹን ስም የሰጠው ግን የአገሬው ሰው ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን መኮንኖች በሦስት አውሮፕላን መጥተው ነቀምት አጠገብ ቦነያ አረፉ። ከሰማይ ሜዳው በሚገባ ታይቷቸዋል፤ በዙሪያው ማን እንዳለ ግን ሜዳ አይናገርም። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ደረሱባቸው፤ ከጥፋቱ የተረፈ አንድ ቄስ ብቻ ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ባለሙያዎች ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲሉ ዲዴሳንና አንገርን ጭምር ለኩ፤ ጥናቱም በ1956 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ኋላም አንድ ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር የሚሆንበት ዝርዝር የወረቀት ካርታ መጣ። ይህን ካርታ ለመግዛት ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቅ እንደነበር የሚያስታውሱ አንባቢያን ይኖራሉ። ካርታ የመንግሥት ንብረት፣ ገበሬው ደግሞ በካርታው ላይ የሚኖር ሰው ነበር።

የስልኩ ካርታ ያለ ደብዳቤ መጣ። ገንዘብም አልጠየቀም። ዋጋውን በኋላ ነው ያወቅኩት። አንድ ቀን የድሮ ፕሮግራሜን ማስታወሻ ስገልጥ የትኛው ቤት ስንት ሰዓት እንደቆየሁ፣ በየትኛው መንገድ እንደተመለስኩ ተመዝግቦ አገኘሁት። የአክስቴ ቤት ሳይቀር። ሰው ከየት መጣህ፣ ማን ቤት አደርክ ተብሎ በሚጠየቅበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያን ቀን ጉቴ ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ አልጠፋችም። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይቶች የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ተቀብሎ ርቀቱን በማስላት ነው። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ወደ ሳተላይቱም አንዳች አይልክም። ከባሕር ማዶ በመስመር ይመጣ የነበረውና የተቋረጠው ሥዕሉ ብቻ ነው። ሥዕሉ አስቀድሞ ስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ ማንም መስመር ቢዘጋ መንገድ አይዘጋም።

ስለዚህ ወደ ኦርጋኒክ ማፕስ ተዛወርኩ። የኢትዮጵያን ካርታ አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ጫንኩ፤ አበቃ። ስም አይጠይቅም፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካሄዴን አይመዘግብም። ታሪኩም ያስተምራል። ማፕስ ሚ የተባለው ቀዳሚው በ2007 ዓ.ም. ለሩሲያ ኩባንያ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሌላ ተሸጠ። አሠራሩ ግን በመካከሉ ለሕዝብ ክፍት ተደርጎ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ያንኑ ይዘው በ2013 ዓ.ም. ኦርጋኒክ ማፕስን አወጡ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአስተዳደሩ ቅር የተሰኙ ሰዎች ከእርሱም ተለይተው ኮማፕስ የተባለውን አቋቋሙ። ክፍት የሆነን ነገር ባለቤቱ ቢሸጠው እንኳ ሕዝቡ ባዶ እጁን አይቀርም ማለት ነው። የካርታው መረጃ ራሱ የሚመጣው በ1996 ዓ.ም. በእንግሊዝ ከተጀመረውና ማንም ሰው ሊያርመው ከሚችለው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው።

ጉድለቱን አልሸሽግም። መንገዱ ዛሬ ሰላም መሆኑን ይህ ካርታ አይነግርም፤ ያን የሚያውቀው ሹፌሩ ነው። ማንም ያልሣለው መንደርም በካርታው ላይ የለም።

ኋላ ጉቴ ስመለስ እኒያን ሽማግሌ ፈልጌ አገኘኋቸው። የጎደለውን አብረን እንሙላ አልኳቸው። ካርታው ለማን እንደሚታይ ጠየቁኝ። “ለሁሉም” አልኳቸው። “ጠመንጃ ለያዘውም?” አሉኝ። “አዎን፣ ለእሱም።” ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ “እንግዲያው ጤና ጣቢያውንና ገበያውን ጻፍ። ሴቶቹ ወደ ምንጭ የሚወርዱበትን መንገድ ግን ተወው” አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ዳባዲ የጠየቀው ስሙን ነበር፤ ይጻፍ ወይስ ይቅር ብሎ ባለአገሩን መጠየቅ ግን የእኛ ተራ ነው።