ከማይሶር ቤተ መንግሥት የወጣው ዮጋ

ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ዘርግቶ ዮጋ የሚሠራ ሰው ልምምዱ እንዳለ ከጥንት የወረደ ይመስለዋል። ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። ብዙ ሊቃውንት በ400 ዓ.ም. አካባቢ ተጻፈ የሚሉት የፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ» ከ190 በላይ አጫጭር አንቀጾች ሲኖሩት፣ ስለ ሰውነት አቋም የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚጠይቁትም አቋሙ የጸናና የሚመች እንዲሆን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስቫትማራማ ያዘጋጀው የሃታ ዮጋ መጽሐፍ እንኳ ያብራራው 15 አቋሞችን ብቻ ነው፤ አብዛኞቹም ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው። ዛሬ ቆመን፣ ጎንበስ ቀና ብለን፣ ከትንፋሽ ጋር እያያያዝን የምንሠራው ቅደም ተከተል በአመዛኙ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ይህ አዲስነት ግን ልምምዱ የሚሰጠውን እርጋታና ደስታ ሐሰተኛ አያደርገውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለውጡ የመጣው በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ህንድ ነው። ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1893 በቺካጎው የሃይማኖቶች ጉባኤ ተናግሮ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «ራጃ ዮጋ»ን ሲያሳትም ልቡ በተመስጦ ላይ ነበር፤ ለሰውነት ልምምዱ ያን ያህል ክብር አልሰጠውም። በዚያው ዘመን ግን ጠንካራ ሰውነት ለህንዳውያን የአገር ክብር ጉዳይ እየሆነ ሄደ። ሽሪ ዮጌንድራ በ1918 በሙምባይ የዮጋ ተቋም መሠረተ፤ ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ደግሞ በ1924 በሎናቭላ ማዕከል ከፍቶ ልምምዱን በራጅ ጭምር መመርመር ጀመረ። ከሁሉ የገነነው የማይሶር ነው። የማይሶር ንጉሥ ክሪሽናራጃ ዋዲያር አራተኛ ያስጠጉት የዮጋ መምህር ክሪሽናማቻርያ በ1933 በጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት ከፍቶ የመሳፍንቱን ልጆች ያሠለጥን ነበር። በ1950 ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም፣ ከእርሱ የተማሩት አየንጋር፣ ፓታቢ ጆይስና በሪጋ የተወለደችው ኢንድራ ዴቪ ዮጋን በዓለም አዳረሱት።

ኖርማን ስዮማን በ1996፣ ማርክ ሲንግልተን በ2010 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የዚያ ዘመን ዮጋ ከህንድ የትግል ልምምድና ከአውሮፓ ጂምናስቲክ እንደተዋሰ አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ዮጋ የምትሉት ስሙ የተለወጠ ስፖርት ነው» የሚል ይኖራል። መዋሱን እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ፓታንጃሊ ከአቋም ዓይነት አስበልጦ የጠየቀው ልምምዱ ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥና ከልብ እንዲሠራ ነው። በማይሶር አቋሞቹ ሲበዙ ይህ የዘወትርነት ግዴታ አልላላም። አየንጋር በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ የተጎዳ ደካማ ልጅ ነበር፤ ሰውነቱን ያቃናው የዓመታት የዕለት ተዕለት ልምምድ ነው። በ1952 ያገኘው ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ዬሁዲ ሜኑሂንም ድካሙን የሚያሳርፍለት ነገር አግኝቶበት ለዓመታት ተማሪው ሆኖ ቆይቷል። ጀማሪን የሚያስጨንቀው አቋም ሲደጋገም ይለመዳል፤ ትንፋሽ ይረጋል፤ ያኔ ሥራው ራሱ ደስ ማሰኘት ይጀምራል። ለዚህ ደስታ የአቋሙ ዕድሜ ምንም አይጨምርለትም፤ ምንም አይቀንስበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዮጋ የሌላ ሃይማኖት አምልኮ ነው» የሚል፣ ከአማኞች የሚነሣ ነው፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። የፓታንጃሊ ዮጋ ግቡ የነፍስ አርነት ነበር፤ ይህን መደበቅ ለታሪክም ለአማኝም አይበጅም። ሆኖም ኢንድራ ዴቪ በ1940ዎቹ መጨረሻ በሆሊውድ ስታስተምር የመጡላት ብዙዎች ዕረፍትና ጤና ፈላጊዎች ነበሩ። ያው ልምምድ በአንዱ ዘንድ ጸሎት፣ በሌላው ዘንድ የሰውነት ማጎልመሻ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አማኙ አስተማሪውን «ምን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ መልሱን ሳይሰማ ሁሉንም በአንድ መፈረጁ ግን ከታሪኩ ጋር አይሄድም። ህንድም ራሷ ዮጋን ለዓለም ያቀረበችው እንደ ባህል ጭምር ነው፤ ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2016 አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጉባኤ ሲሆን፣ የኦሮሞ ገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው።