መስማትና መሰማት፦ ከነጋሪት እስከ አምስተኛው ትውልድ

እቴጌ ምንትዋብ፣ አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ፣ ከፋሲል ግቢ ራቅ ብለው ከጎንደር በስተምዕራብ ባለው ተዳፋት ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ንጉሡና ራስ ሚካኤል ስሑል ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ እሱን በእንግድነት ያስጠጋው የእቴጌይቱ ቁስቋም ነው። ይኸው ሰው በጉዞ መጽሐፉ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት አንድ አስገራሚ ነገር ጽፏል። አቤት ባዮች ከንጉሡ መስኮት ሥር ተሰብስበው በየቋንቋቸው ፍትሕ እየጠየቁ ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ባለጉዳዩ መምጣት ሲያቅተው ደግሞ፣ ዝምታው ንጉሡን እንዳይከብደው የሐሰት አቤቱታ የሚያሰሙ ቅጥረኞች ይቆማሉ። ብሩስ ማጋነን የሚወድ ሰው ነው፤ ይህን ግን አምነዋለሁ፤ የዘመኑን አሠራር በትክክል ይገልጻልና። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ነጋሪት ነበረው፣ አዋጅ ነጋሪ ነበረው፤ ነጋሪት ማስመታት ራሱ የሹመት ምልክት ነበር። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ቃል የነበረው እግርና ጉሮሮ ብቻ ነው።

የአገራችን የመገናኛ ታሪክ ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን ደጋግሞ ቀይሯል፤ አቅጣጫውን ግን እምብዛም አልቀየረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ቤተ መንግሥቱን ከሐረርና ከሌሎች የግዛት ማዕከሎች ጋር አገናኘ፤ የሚደውለውም በመጀመሪያ ደረጃ ሹሙ ነበር። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ አገልግሎቱ ሲደራጅም፣ ገጠሩ ለረጅም ጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆየ። ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ግልጥ የሚያደርጉት ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡት ሁለት የሳተላይት ፕሮጀክቶች ናቸው። ወረዳ ኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በምስል ስብሰባ አገናኘ። ስኩል ኔት ደግሞ ሁላችንም «ፕላዝማ» ብለን የምናውቀውን ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አወረደ። የፕላዝማው መምህር ያስተምር ነበር፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ ግን የሚያየው አልነበረም።

ሞባይል ይህን ልማድ የሰበረው ታቅዶ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር የተዘረጋው አቅም ውስን ነበር፤ ለመደበኛው ስልክ ተጨማሪ፣ ለባለገንዘብ የሚሆን ቅንጦት ተደርጎም ነበር የታየው። ዛሬ መደበኛው ስልክ የቢሮ ጌጥ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር 78.3 ሚሊዮን ደርሷል። ዕቅዱ ምን እንደሳተ ለማወቅ ሕዝቡ በስልኩ ምን እንዳደረገ ማየት ይበቃል። ሰው የፈለገው የሚያዳምጥበትን ብቻ ሳይሆን የሚደመጥበትንም ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያፈራው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ እንኳ፣ በቀላል ስልክ ሲሠራ ከገበሬው እጅ ወደ ላይ የምትወጣ አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት።

እንግዲህ ስለ አምስተኛውና ስለ ቀጣዩ የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ ሲታቀድ፣ የድሮው ነጋሪት በቴክኖሎጂው ውስጥ ተደብቆ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ያሻል። ይህ ዘይቤ ብቻ አይደለም። ታወሩ በአሥር የሚቆጠር ዋት ይዞ ያሰራጫል፤ በእጅ ያለው ስልክ ግን በአብዛኛው 0.2 ዋት ገደማ ነው የሚልከው። ስለዚህ ርቀት ሲጨምር ወይም ጋራ ሲጋርድ ቀድሞ የሚሞተው ሽቅብ የሚሄደው ድምፅ ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚቆምበት ስሜን ሲዘለቅ፣ ገደልና ሸንተረር የማይጋርደው መንደር ጥቂት ነው። እዚያ ስልኩ ኔትወርክ እንዳለ ያሳያል፣ ጥሪም ይገባለታል፤ «ትሰማኛለህ?» ሲባል ግን ወዲያኛው ወገን አይሰማም። የሽፋን ካርታ ይህን መንደር «ተዳርሷል» ብሎ ቀለም ይቀባዋል። በአምስተኛው ትውልድ በብዛት የሚሠራበት 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ደግሞ ብዙ መረጃ ይሸከማል እንጂ ርቆ አይሄድም፣ ጋራም አይዞርም፤ ጊዜውም በሽቅቡና በቁልቁሉ መካከል ሲከፋፈል አብዛኛው የሚሰጠው ለቁልቁሉ ነው።

የዕቅድ ሰዎች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፤ ቀላልም አይደለም። ድሃ አገር ገንዘብ ካለበት ከተማ ጀምሮ በዚያ ትርፍ ገጠሩን መደጎም አለበት ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን የምለው ስሜን ላይ አምስተኛው ትውልድ ይተከል አይደለም። ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያለው ሞገድ ሩቅ ይደርሳል፤ ቁልቁሉን በከፍተኛው፣ ሽቅቡን በዝቅተኛው ሞገድ ማስኬድም የአምስተኛው ትውልድ መስፈርት ራሱ የሚፈቅደው ነው። ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን ምን ይለካል የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ በማዕከል የሚያዝ ኔትወርክ ለጸጥታ ይበጃል ይላሉ። ታሪኩ ግን አይደግፋቸውም። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጣሊያኖች የንጉሠ ነገሥቱን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ነበር፤ የማይጨውን ውጊያ የሚመለከተውም ሳይቀር ተጠልፏል። አንድ መውጫ ያለው ድምፅ ለጠላፊም ለዘጊም ይመቻል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ተዘግቶ ቆይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ከአማጺው እኩል ነጋዴውና ሐኪሙ ዝም ብለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ሰዉ የሚያወርደው እንጂ የሚልከው ጥቂት ነው፤ ፍላጎቱ በሌለበት አቅም ለምን?» የሚለው ነው። በዓለምም ቢሆን አብዛኛው የሞባይል መረጃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ሽቅቡ ከማይሠራበት መንደር የተሰበሰበ ቁጥር የፍላጎት ልክ አይደለም። በጎንደር ቤተ መንግሥት መስኮት ሥር ክረምት ላይ ጩኸት የቀነሰው በደል ስለቀነሰ አልነበረም፤ ወንዙ ስለሞላ ነው። ኦፕሬተሮች ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሪፖርት ሲያቀርቡ ስንት ወረዳ በሽፋን ውስጥ እንደገባ ብቻ ሳይሆን፣ በገበያ ቀን ከዳባት የሚላክ ፎቶግራፍ ታወሩ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትም ቢጽፉ፣ የቁልቁሉና የሽቅቡ ንጽጽር ከዚያ መጀመር ይችላል።