የጋፋት መድፍ እና የለገሐር ባቡር፦ ከብረቱ ጋር ሙያውም እንዲጠበቅ

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል፡፡ በ1860 ዓ.ም በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል፤ ዛሬም የሚገኘው በዚያው ነው፡፡ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፡፡ ከአደባባዩ ቁልቁል የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ደግሞ ለገሐር፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያበቃል፡፡ ጣቢያው ሌላ የብረት ቅርስ ያስታውሳል፡፡

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለባቡር መስመሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር፡፡ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ፡፡ መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር፡፡ ባቡሩን መጀመሪያ የእንፋሎት፣ ኋላም የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ጎትተውታል፡፡ አገልግሎቱ እየተዳከመ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፡፡ የመስመሩ ዋና የጥገና ማዕከል ድሬዳዋ ነበረ፤ በግቢውም ያረጁ ባቡሮች እና የጥገና መሣሪያዎች ይገኛሉ፡፡

ሎኮሞቲቭን ለእይታ ማቆየት ከዝናብ የሚከልል ጣሪያ፣ ዝገት ማስለቀቅ፣ ቀለም መቀባት እና በውስጡ የቀረን ውኃ ማፍሰስን ይጠይቃል፡፡ እንደገና እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ግን ከባድ ነው፡፡ እንፋሎት የሚመረትበት ጋን ግፊት መቋቋሙ ሳይፈተሽ እሳት አይለኮስበትም፤ ከገበያ የጠፋ መለዋወጫም በቶርኖ ማሽን ተቀርጾ መሠራት አለበት፡፡

ይህን የሚያውቁት በሥራው ያረጁ ባለሙያዎች ናቸው፡፡ በጎረቤት ኤርትራ በጦርነት የፈረሰው የምጽዋ–አስመራ መስመር ሲጠገን፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው በጣሊያን ዘመን የገቡትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አስነሥተዋል፡፡ ባለሙያዎቹ በሕይወት ባይኖሩ ኖሮ ሥራው እጅግ በከበደ ነበር፡፡

ጋፋትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፡፡ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ፤ መድፍ የማቅለጡ ሥራም አልቀጠለም፡፡ መድፉ ቀረ፤ ሙያው ግን ወራሽ አላገኘም፡፡ ስለዚህ ለአሮጌዎቹ ባቡሮች ጣሪያ ማበጀት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የአንጋፋ ሠራተኞችን ዕውቀት መመዝገብ እና ለወጣቶች ማስተላለፍም የቅርስ ጥበቃው አካል ነው፡፡