ቢግ ብሎክ ወይስ ስሞል ብሎክ? የአንዲት ትንሽ መኪና ታሪክ

ዛሬ ከአድዋና ከመቅደላ ወጣ ብዬ ስለ መኪና ሞተር ልጽፍ ነው። "ቲቸር፣ የታሪክ አስተማሪን ሞተር ውስጥ ምን አገባው?" የምትሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። አሜሪካ የሚኖር አንድ ልጃችን አሮጌ ሸቭሮሌት ኖቫ ገዝቶ ሊያድሳት ነው። "ቢግ ብሎክ ላስገባባት ወይስ ስሞል ብሎክ?" ብሎ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። መልሴ ስለረዘመ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

መጀመሪያ ቃላቱን እንፍታ። ብሎክ ማለት ሲሊንደሮቹ የተቦረቦሩበት ትልቁ ብረት ነው። ሁለቱም ሞተሮች ባለ ስምንት ሲሊንደር ናቸው። ሸቭሮሌት ስሞል ብሎኩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ሥራውን የመሩት ዋና መሐንዲሱ ኤድ ኮል ነበሩ። የመጀመሪያው ሞተር 4300 ሲሲ ገደማ ነበር (እኛ አገር ያለችው ቪትዝ 1000 ወይም 1300 ሲሲ መሆኗን እያሰባችሁ አንብቡ)። በስሞል ብሎክ ከአንዱ ሲሊንደር መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 11.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በኋላ በመጣው ቢግ ብሎክ ደግሞ 12.3 ገደማ። አንድ ሴንቲ ምን አላት እንዳትሉ! ብሎኩን ታስረዝማለች፣ ታሰፋለች፣ ታከብዳለች። ቢግ ብሎኩ በክብደት ወደ 50 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ጫናችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ "ስሞል" የሚለው ስም የብረቱን አካል እንጂ ሲሲውን አይናገርም። በ1970 የወጣው 400 የተባለው ስሞል ብሎክ 6600 ሲሲ ገደማ ነበር፤ 396 የተባለው ቢግ ብሎክ 6500።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ከጀርመን የምትመጣዋን ቮልስዋገን ወደዷት። የዲትሮይት ፋብሪካዎችም አጠር፣ ቀለል ያሉ መኪናዎች ይሠሩ ጀመር። ሸቭሮሌት በ1962 ሞዴል ሸቪ 2ን አወጣ፤ ጥሩ ጥሩ ዕቃ የተገጠመላት "ኖቫ" ተባለች። ሞተሯ አራት ወይም ስድስት ሲሊንደር ነበር። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት፣ ገበያ የምትሄድ እናት የሚነዷት የቤተሰብ መኪና ናት በቃ።

ግን ዘመኑ የወጣት ዘመን ነበር፤ ቤንዚኑም ርካሽ። በ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ የሚባል መካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ገጥሞ ሲሸጥ ገበያው ደራ። ሌሎቹም ተከተሉ። ኖቫም በ1964 ስሞል ብሎክ አገኘች፤ በ1968 አካሏ ሰፍቶ ሲሠራ ደግሞ ቢግ ብሎኩ፣ 396ቱ፣ እስከ 375 የፈረስ ጉልበት ይዞ ገባላት።

ዶጅ ኩባንያ ያጋጠመው ነገር ይበልጥ አስተማሪ ነው። በ1967 ዳርት በምትባለው ትንሽ መኪናው ውስጥ 383 የተባለውን ትልቅ ሞተር ጨመቀው። ከኮፈኑ ሥር ቦታ ስለጠፋ መሪን የሚያቀልለው መሣሪያ ሊገጠም አልቻለም። የጭስ መውጫውም ስለተጣበበ ሞተሩ 280 የፈረስ ጉልበት ተባለ። በዓመቱ 340 የተባለ አዲስ ስሞል ብሎክ መጣ። ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር ስንት ነው? 275! ለአምስት ፈረስ ብሎ ያን ሁሉ ብረት መሸከም!

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ። ዶን የንኮ በፔንስልቬንያ፣ ካነንስበርግ ከተማ የሸቭሮሌት ሻጭ፣ ራሱም የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነበር። በ1969 ኖቫ ውስጥ የነበረውን 396 እያወጣ 427 የተባለውን 7000 ሲሲ፣ 425 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቢግ ብሎክ ከተተበት። ቀጥ ባለ መንገድ መድፍ ናት። ኩርባ ላይ ግን አፍንጫዋ ከብዶ መታጠፍ እምቢ ይላል፤ የኋላ ጎማዎቹም ያን ኃይል መሬት ላይ ማሳረፍ አቅቷቸው ባዶ ይሽከረከራሉ። 40 እንኳ ሳይሞሉ ቀሩ።

በዓመቱ ይኸው የንኮ ምን አደረገ? "ዲዩስ" ብሎ በሰየማት ኖቫ 350 የተባለውን 5700 ሲሲ ስሞል ብሎክ፣ ባለ 360 ፈረስ ጉልበቱን አቀረበ። ከ170 በላይ ተሠሩ። አንዱ ትልቅ ምክንያት ኢንሹራንስ ነበር። ኩባንያዎቹ ትልቅ ሞተር ያለው መኪና የሚነዳን ወጣት ክፍያ እየቆለሉበት ነበርና፣ ወረቀት ላይ "ኖቫ፣ 350" ሲባል ተራ የቤተሰብ መኪና ትመስላለች። የኢንሹራንስ ጸሐፊው ኮፈኑን ከፍቶ አያይማ!

ብዙ ሰው "ቢግ ብሎክን የገደለው የነዳጅ ቀውስ ነው" ይላል። እስቲ ቀኑን እንይ። ከኖቫ ቢግ ብሎኩ የወጣው ከ1970 ሞዴል በኋላ ነው። የዓረብ አገራት የነዳጅ ማዕቀብ የመጣው በጥቅምት 1973። ስለዚህ ነዳጁ ሲወደድ ኖቫ ትልቁን ሞተር ከተሰናበተች ቆይታለች። ክብደቱ፣ የኢንሹራንሱ ዋጋ፣ እየጠበቀ የመጣው የጭስ ሕግ ቀድመውት ነበር። ስሞል ብሎኩ ግን ከኖቫ ጋር እስከ 1979 ዘለቀ።

ለልጃችን ስሞል ብሎክ ያልኩት ለዚህ ነው። ለ400 ሜትር ውድድር ብቻ ከሆነ ቢግ ብሎኩን ያስገባ፤ ግን ፍሬኑን፣ ሞላውን፣ ራዲያተሩንና ዲፈረንሻሉን አብሮ ይለውጥ። ሚስትና ልጅ ጭኖ የሚወጣባት ከሆነ ግን ኩርባ ላይ የምትታዘዘው ትሻለዋለች።

ይኸው የነዳጅ ዋጋ እኛ ቤትም ገብቷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ጭማሪ ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አደሙ። እዚህም "አብዮቱን ነዳጅ አመጣው" የሚል አይጠፋም። ግን የነገሌ ቦረና ወታደሮች ያመፁት ጥር ላይ ነው። የወሎ ረሃብ፣ የመሬት ለአራሹ ጥያቄም ከዚያ በፊት ነበሩ። ክፍል ውስጥ "መጨረሻ የመጣውን ምክንያት ብቻ አትያዙ፣ ቀን አስተያዩ" እያልኩ የማደክማችሁ ለዚህ ነበር።

በ1966 ታክሲ ይነዳ የነበረ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ፣ የነገሯችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። እኔም ለዘንድሮ ተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።