እንዶድ፣ ፌጦና የውሃ ሙቀት፦ የመድኃኒት ዕፅዋት አዘገጃጀት በምዕራብ ሸዋ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ የባህል መድኃኒት በአብዛኛው የሚዘጋጀው በውሃ ነው። አንዱ ዕፅ ይቀቀላል፣ ሌላው ተወቅጦ ይዘፈዘፋል፣ ሌላው በእርጥቡ ይጨመቃል። ተመራማሪዎች እነዚህን ዘዴዎች ሲመዘግቡ የዕፁን ስምና የሚወሰደውን ክፍል በጥንቃቄ ይጽፋሉ፤ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። በእኔ እምነት ሙቀቱ የመድኃኒቱ አካል ስለሆነ ሊታለፍ አይገባውም።

ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ይልቅ ብዙ ንጥረ ነገር የሚያወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 80 ገደማ የሆነው የውሃ ዳይኤሌክትሪክ መጠን በ90 ዲግሪ ወደ 58 ይወርዳል፤ ውሃው ቀድሞ የማይደፍራቸውን ቅባት ቀመስ ውህዶች በመጠኑ ማሟሟት ይጀምራል። ዝልግልግነቱም ወደ ሲሶ ስለሚቀንስ ወደ ቅጠሉ ሕዋሳት በቀላሉ ይሰርጋል። ታኒንና ፌኖሎች በፈላ ውሃ ቶሎ የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አምቦ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝቅ በምትለው ባኮ ደግሞ 94 ይደርሳል። በ100 ዲግሪ የተገኘ የቤተ ሙከራ ውጤት እንዳለ የአምቦን ጀበና አይወክልም።

ብዙ ማውጣት ግን ፈዋሹን ማውጣት ማለት አይደለም። ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ ምስክር የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ምርምሩም የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ወደ መከላከል አመራ። ከጊዜ በኋላ የኬሚስትሪ ጥናት እንዳሳየው፣ ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ሁለት የስኳር ሰንሰለት ስላለው ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል የለውም። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ የራሱ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ገዳዩ የሚፈጠረው ያኔ ነው። ዱቄቱ በቀጥታ ከፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይሠራ ይበላሻል። ሳፖኒኑ ይወጣል፣ ሚዛን ላይም ይታያል፤ ኃይሉ ግን የለም። ከደረቀ በኋላ የቀረውን ዝቃጭ መዝኖ የሚወስን ተመራማሪ፣ ደካማውን ዝግጅት «የተሻለ» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

ፌጦም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ ኢንዛይሙ ሥራውን መጀመሩን ይናገራል። ፍሬው ሳይወቀጥ ከተቀቀለ ያ ስንፈጣ አይመጣም። ነጭ ሽንኩርትም ከመሞቁ በፊት መደቆስ ያለበት ለዚሁ ነው።

ጦስኝና ዳማከሴ ሌላ ችግር አለባቸው። የጦስኝ ታይሞል ከውሃ እንፋሎት ጋር ስለሚሄድ ክዳን በሌለው ማሰሮ ለረጅም ጊዜ ማፍላት መድኃኒቱን ለቤቱ አየር መስጠት ነው። ዳማከሴን በእርጥቡ በመዳፍ አሽቶ መጭመቅ ከዚህ ኪሳራ ያድናል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የአርቴሚሲያን የወባ መድኃኒት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ፍንጩ ዕፁን በውሃ ነክሮ መጭመቅን የሚያዝዝ ጥንታዊ ጽሑፍ ነበር፤ ከዚያ በመነሳት ውህዱን ከከፍተኛ ሙቀት ለማዳን በ35 ዲግሪ የሚፈላውን ኤተር ተጠቀመች።

ኮሶ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ንቁ ውህዶቹ በውሃ በደንብ ስለማይሟሙ የሚጠጣው የአበባው ዱቄት ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው መጠኑ ነው፤ ከልክ ያለፈ ኮሶ ዓይንን ይጎዳል።

በአምቦ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም በዚህ መስክ የምትሠሩ ተመራማሪዎች፣ ወደ አዋቂዎቹ ስትሄዱ ቴርሞሜትር ያዙ። ዕፁ ሲገባ ውሃው ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ማሰሮው መከደኑን፣ ዕፁ አስቀድሞ መወቀጡን ጻፉ። በቤተ ሙከራም የቀዝቃዛውንና የሙቁን ዝግጅት ጎን ለጎን ፈትኑ፤ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ኃይሉንና መርዛማነቱንም ለኩ።