የኦፒየም ተቀባይ ግኝትና የአንዲት ተማሪ ድርሻ

ኦፒየም ሕመምን እንደሚያስታግስ፣ ሱስም እንደሚያስይዝ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበት ተቀባይ መኖሩ በሙከራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር።

በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሰሎሞን ስናይደር ቤተ ሙከራ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ወይዘሮ ካንዳስ ፐርት በመጀመሪያ የሞርፊንን ዘመድ በራዲዮአክቲቭ ምልክት አድርገው ሞክረው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። በኋላ ግን የሞርፊንን ሥራ የሚያግደውን ናሎክሶን መረጡ። ምልክት የተደረገበት መድኃኒት ከተፈጨ የአንጎል ሕብረ ሕዋስ ጋር ይደባለቃል፤ በፍጥነት ተጣርቶ ይታጠባል፤ ተጣብቆ የቀረውም ይለካል። ለሳይንስ መምህራን በተለይ የሚጠቅመው ማረጋገጫው ነው። ሌቮርፋኖልና ዴክስትሮርፋን እንደ ቀኝና ግራ እጅ የተመሳሰሉ ናቸው፤ ናሎክሶንን ከቦታው በኃይል ያስለቀቀው ግን ሕመም አስታጋሹ ሌቮርፋኖል ሆነ። ስለዚህ መጣበቁ እንዲያው የአጋጣሚ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ኤሪክ ሳይመን በኒው ዮርክ፣ ላርስ ቴሬኒየስም በኡፕሳላ ተመሳሳይ ውጤት አስታወቁ። አንጎል ለአንድ ተክል ጭማቂ ሲባል ተቀባይ አያዘጋጅምና፣ ከራሱ ከሰውነት የሚመነጭ አቻ መኖር አለበት የሚለው ሐሳብ ተጠናከረ። በ1975 ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ በአበርዲን ከአሳማ አንጎል ያገኙትን ኤንከፋሊን ምንነት ይፋ አደረጉ።

በ1978 የላስከር ሽልማት ለስናይደር፣ ለሂዩዝና ለኮስተርሊትዝ ተሰጠ። ቤተ ሙከራውም አመራሩም የፕሮፌሰሩ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በ1973ቱ ጽሑፍ ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው ስም የፐርት ነበር፤ ሸላሚዎቹ ይህን እንዴት እንዳለፉት ለመረዳት ያስቸግራል። ወይዘሮ ፐርትም መገለላቸውን በግልጽ ተቃወሙ።